ፕሬዚዳንቱ ባይፈርምስ? ስለ «ቬቶ» ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ከእጅ እጅ ሲዞር የሰነበተ፣ ባሕር ዳርም የደረሰ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ሕግ የመጣል ሥልጣን፣ ማለትም «ቬቶ» ነው። ጸሐፊው ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቸኩሎ ያጸደቀውን ሕግ ማን ቆም በል ይለዋል? መልሳቸው ግን የቆመው በተሳሳተ ማስረጃ ላይ ነው።

ጽሑፉን ላላገኘ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንደኛ፣ ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመ ሕግ አይጸናም፤ ስለዚህ ቬቶ ዛሬም አለ፣ የጠፋው የሚጠቀምበት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃምን ገበሬ ከእርሻ ገቢ ግብር ያዳነው የጃንሆይ ቬቶ ነው። ሦስተኛ፣ የፓርላማ ሥርዓት ባላቸው አገሮች ሁሉ ፕሬዚዳንት ሕግ ይጥላል፤ ምስክሯ ፖላንድ ናት። አራተኛ፣ የእኛም ፕሬዚዳንት የጣለው ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ካልሆነ እንዳይነሣ ይደረግ። አምስተኛ፣ ይህ ቢኖር ኖሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲህ በቀላሉ አይታወጅም ነበር። ስድስተኛ፣ ማሻሻያው በአንድ የምክር ቤት ስብሰባ ያልቃል። በመጨረሻም ረቂቅ አንቀጽ አያይዘዋል።

በቅደም ተከተል እንሂድ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ የቃል ነገር አለ። ጸሐፊው ቬቶን «ድምጽን በድምጽ የመሻር መብት» እያሉ ይተረጉሙታል። ይህን አባባል የለመድነው ከጸጥታው ምክር ቤት ዜና ነው። እዚያ ልክ ነው፤ አምስቱ ቋሚ አባላት ራሳቸው ድምጽ ሰጪ ስለሆኑ አንዱ በድምጹ የሌሎቹን ይሽራል። ፕሬዚዳንት ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ድምጽ የለውም። ሊኖረው የሚችለው ከሦስት አንዱ ነው፦ ሕጉን ጨርሶ መጣል፣ «እንደገና እዩት» ብሎ መመለስ፣ ወይም ሕገ መንግሥቱን ይጥስ እንደሆነ ለሚወስን አካል መምራት። ጽሑፉ ሦስቱን ባንድ ስልቻ ከቷቸዋል፤ የቀረውም ስሕተት የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። አንዱ ምክር ቤቱ የተስማማበት ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ እንደሚቀርብ ይናገራል። ሌላው በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርም ያዛል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆሙ ይመስላል፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ክርክራቸውን ከነሥሩ ይነቅለዋልና። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። የዕድር ጸሐፊ አኩርፎ ቃለ ጉባኤ አልፈርምም ቢል አባላቱ የወሰኑት መዋጮ አይቀርም፤ የፕሬዚዳንቱም ኩርፊያ ከዚያ አይዘልም።

አንቀጽ 71ም አያድናቸውም። የፕሬዚዳንቱ ሥራ እዚያ በሰባት ንዑስ አንቀጽ ተዘርዝሯል፦ የሁለቱን ምክር ቤቶች የዓመቱን የጋራ ስብሰባ መክፈት፣ የጸደቁ ሕጎችንና ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብ አምባሳደሮችን መሾም፣ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል፣ ኒሻንና ሽልማት መስጠት፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ከፍተኛ የጦር ማዕረግ መስጠት፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ማድረግ። ሕግ መመለስ የሚል የለም። ጸሐፊው የተንጠለጠሉባት «ያውጃል» የምትለዋ ቃል ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለችም።

እውነተኛው ክፍተት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጽሑፉ ግን ሳያየው አልፏል። ነጋሪት ጋዜጣ በእጁ ይዞ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለቱ ከተጣሉ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። የአዋጁ ማለቂያ ላይ ብዙ ጊዜ «አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ» የሚል አንቀጽ ይገኛል፤ ይዘቱም አዋጁ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል የሚል ነው። ከሥሩ «አዲስ አበባ» ብሎ ቀን፣ ከዚያ የፕሬዚዳንቱ ስምና ማዕረግ ይከተላል። እንግዲህ አንድ ሕግ ድምጽ ተሰጥቶበት፣ 15 ቀኑም አልፎ፣ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ቢቆይ ምን ይባላል? ጸድቋል፣ ግን ገና አልጸናም። አንቀጽ 57 ለፊርማው እንጂ ለኅትመቱ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። ፕሬዚዳንቱ ያልፈረመውን ሕግ ማን ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚልከውም አይናገርም። ሕግ ሳይጣል የሚዘገይበት ቀዳዳ ካለ እዚህ ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ የሚያገለግለው ፕሬዚዳንቱን ሳይሆን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አስፈጻሚ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የአገራችንን ታሪክ ስለሚነካ ዘለግ አድርገን እናየዋለን። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በእርግጥ ሙሉ የመጣል ሥልጣን ነበራቸው። ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ሕግ መምሪያውና ሕግ መወሰኛው፣ ተስማምተው ያጸደቁት ሕግ እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ካላገኘ፣ ወይም ከአስተያየት ጋር ከተመለሰ፣ አይጸናም ነበር። የጊዜ ገደብም ሆነ በድምጽ ብልጫ የሚነሣበት መንገድ አልነበረም። ከዚህ የበለጠ ቬቶ በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይቸግራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥልጣን በ1960 ዓ.ም. ምን ሠራ? የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሲወጣ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ አግኝቶ ነው የወጣው። ቬቶው ነበር፤ አልተነሣም። አዋጁ አሥራቱን (ከምርት አንድ አሥረኛውን) አስቀርቶ ግብሩ በምርቱ ገቢ ግምት እንዲጣል ያደርግ ነበር። ወረቀት ላይ ሲነበብ ለድኻው ገበሬ የሚያዳላ ይመስላል። ጎጃም ግን ያነበበው በሌላ ዓይን ነው። ግምት የሚሠራ ሹም ማሳው ውስጥ ይገባል፤ ማሳ የገባ ሹም ነገ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይዞ ይመጣል፤ የተለካ ርስት ደግሞ ርስት መሆኑ ያበቃል። ይህ ሥጋት ባዶ ሐሜት አልነበረም፤ መሬት የመለካት ሙከራ ከዚያ በፊትም ጎጃም ላይ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። ከተሜው አዋጁን ስለ ገንዘብ አድርጎ ሲያየው ገበሬው ስለ መሬት አድርጎ አየው፤ አርቃቂዎቹ ይህን ልዩነት ሳይጠይቁ ነው ያረቀቁት።

ከዚያ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። ነገሩ በጉልበት አልበርድ ሲል የቆየው የግብር ውዝፍ ተማረ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ጸሐፊው «ቬቶ» ያሉት ይህንን ምሕረት ነው። ቬቶ ግን ሕግ ከመጽናቱ በፊት የሚደረግ ነገር ነው። ይህኛው ሕጉ ከጸና፣ ሰው ከሞተ፣ ቤት ከተቃጠለ በኋላ የተደረገ ማፈግፈግ ነው። አዋጁን ጎጃም ላይ ሥራ ላይ እንዳይውል ያደረገው ራሱ ገበሬው ነው፤ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አልነበረውም። ታሪኩ ማስረጃ ከሆነ የጸሐፊውን ተቃራኒ ነው የሚያስረዳው፤ የመጣል ሥልጣን ያለው ሰው ሕጉን ካረቀቀው መንግሥት ጋር አንድ ጥቅም ካለው ሥልጣኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ «በሁሉም አገር» የሚለው ነው። ይህ እውነት አይደለም። የእስራኤል ፕሬዚዳንት ይፈርማል እንጂ አይጥልም። የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፖሊሲውን አልወደድኩትም ብሎ መመለስ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱን በግልጽ ይጥሳል ካለ ግን ፊርማውን ይነፍጋል፤ ሆርስት ኮለር እ.ኤ.አ. በ2006 ብቻ ሁለት ሕጎች ላይ እንዲህ አድርገዋል፤ አንዱ የአየር በረራ ቁጥጥሩን ወደ ግል የሚያዛውር፣ ሌላው የሸማቾች መረጃ ሕግ። የጣሊያኑ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል፤ ምክር ቤቶቹ እንደገና ካጸደቁት ይፈርማል። የሉክሰምበርግ ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ግራንድ ዱክ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ2008 የሕመምተኛን ሞት የሚያፋጥነውን ሕግ አልቀበልም ሲሉ ምክር ቤቱ ሕጉን አልተወም፤ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ሕግ የማጽደቅ ሥልጣናቸውን ወሰደና ማወጅ ብቻ አስቀረላቸው።

ሕንድ ለእኛ ትቀርባለች፤ እዚያም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሕዝብ በቀጥታ ሳይሆን የተመረጡ ተወካዮች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ የገንዘብ ሕግ ካልሆነ በቀር መመለስ ይችላል፤ እንደገና ከጸደቀ ግን መፈረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 አብዱል ካላም የምክር ቤት አባላት ደርበው ስለሚይዟቸው ሹመቶች የወጣውን ሕግ መለሱ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች እንዳለ መልሰው አጸደቁት፤ ፈረሙ። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። መንግሥት ደብዳቤ እንዲከፍት የሚፈቅደው የፖስታ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1986 ለፕሬዚዳንት ዛይል ሲንግ ቀረበ። አልፈረሙም፤ አልመለሱም፤ ዝም ብለው አስቀመጡት። የሕንድ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ የቀን ገደብ ስላላስቀመጠ ዝምታው በቂ ነበር፤ ሕጉ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የእኛ አንቀጽ 57 ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ይህንን በር ነው። እዚያ ዝም ያለ ሕጉን ይገድለዋል፤ እዚህ ዝም ያለ ያሳልፈዋል።

ወደ ፖላንድ እንምጣ። የያኔው ፕሬዚዳንት አንድሬ ዱዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ስለ ፍርድ ቤቶች ከጸደቁት ሦስት ሕጎች ሁለቱን መመለሳቸው እውነት ነው። ጸሐፊው ያልነገሩን ግን ሦስት ነገር አለ። ዱዳ የተመረጡት በቀጥታ በሕዝብ ድምጽ ነው፤ የምክር ቤት ውለታ አልነበረባቸውም። ሁለተኛ፣ እዚያ የተጣለ ሕግ የሚነሣው ከተገኙት አባላት በሦስት አምስተኛ ነው፤ 460ዎቹ ሁሉ ቢገኙ 276 ድምጽ ማለት ነው፤ ገዢው ፓርቲ የነበረው 235 ነው። ቬቶው ጥርስ ያገኘው ከዚህ ስሌት እንጂ ከቃሉ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዱዳ ራሳቸው ምትክ ረቂቆች አቅርበው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁለቱም ጸደቁ፤ ፈረሙባቸውም። አምስት ወር መግዛቱን አንንቅም፤ ነገር ግን «ሕጉ ተጣለ» ብሎ ማቆም ታሪኩን ከወገቡ መቁረጥ ነው።

አራተኛው ነጥብ በሒሳብ ይፈታል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ነው፤ 274። ውሳኔ የሚያልፈው ተገኝተው ድምጽ ከሰጡት በአብላጫው ስለሆነ፣ 274 ሰው ብቻ በተገኘበት ቀን 138 እጅ አንድን አዋጅ ያሳልፋል፤ ድምፀ ተአቅቦ ካለ ከዚያም ባነሰ። ሁለት ሦስተኛ ደግሞ 365 ነው። ጸሐፊው ከ138 ወደ 365 መዝለሉ ትልቅ ልጓም መስሎ ታይቷቸዋል።

አሁን ፕሬዚዳንቱ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። በአንቀጽ 70 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እጩ ያቀርባል፤ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በሚደረግ የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይመረጣል። አንድ ፓርቲ ሁለት ሦስተኛውን ከያዘ ፕሬዚዳንቱን ያስመርጣል፤ ያው ፓርቲ በዚያው ድምጽ የፕሬዚዳንቱን ቬቶ ይሽራል። የሚመርጠውና የሚሽረው እጅ አንድ ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ መያዙን ላስታወሰ ሰው የ365 ልጓም የቱን ፈረስ እንደሚይዝ አይገባውም። ሥራ ላይ የሚውለው ምክር ቤቱ በበርካታ ፓርቲዎች ተከፋፍሎ ፕሬዚዳንቱ በስምምነት ሲመረጥ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ተቃዋሚዎች ራሳቸው ምክር ቤቱ ውስጥ ድምጽ አላቸው።

የኑሮ ጥገኝነትም አለ። የፕሬዚዳንት ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የሥራ ዘመን ባበቃበት በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255/1994 ወጣ። ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ወደ ፓርቲ ፖለቲካ ከገባ መንግሥት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም እንዲያጣ የሚያደርግ ነበር። እሳቸውም በ1997 በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፤ ጥቅሙም ቀረባቸው። ቤቱን፣ መኪናውንና ጡረታውን የሚወስንለትን ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱ ሕግ እየጣለ ይገዳደራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ሰውን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ሆኖም በአራተኛው ነጥብ ውስጥ የሚተርፍ ፍሬ አለ። ቼክ፣ ስሎቫኪያና ግሪክ የተመለሰ ሕግ የሚያነሡት ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው የአባላት ቁጥር በግማሽ በላይ ነው። ይህን ወደ እኛ ብናመጣው ቁጥሩ 274 ይሆናል። 365 ባለመሆኑ ጸሐፊው ያንስብኛል ይሉ ይሆናል። ግን ተመልከቱ፤ በ138 እጅ፣ ግማሹ አዳራሽ ባዶ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ያለፈ አዋጅ እንደገና እንዲታይ 274 ሰው መቀመጫው ላይ ተገኝቶ እጁን ማውጣት አለበት። ገዢው ፓርቲ ያንን ማድረግ አያቅተውም፤ ግን አባላቱን መጥራት፣ ሕጉን እንደገና ማስነበብ፣ የፕሬዚዳንቱን ምክንያት በይፋ መመለስ ይገደዳል። ከቬቶ የሚገኘው ጥቅም በእኛ ሁኔታ ይህ ነው፤ ሕጉ ባይቀርም ሁለተኛ ንባብ ያገኛል።

አምስተኛው ነጥብ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ለአማራ ክልል አንባቢ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለምና ጸሐፊው ለምን እንዳነሡት ይገባናል። ነገር ግን አንቀጽ 93ን ደረጃ በደረጃ ያየ ሰው ቬቶ የሚገባበት ስንጥቅ አያገኝም። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ከታወጀበት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። የተወካዮች ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ነው። ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ይታደሳል። ለምሳሌ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015 ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታወጀ፤ ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ስለነበር ነሐሴ 8 ተሰብስቦ አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር አራዘመው። እንግዲህ የጸሐፊውን ቬቶ እዚህ እናስገባው። ፕሬዚዳንቱ ይጥላል፤ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ያነሣዋል፤ ግን እኮ መጀመሪያም ያጸደቀው በሁለት ሦስተኛ ነው! እስከዚያም አዋጁ መሬት ላይ እየሠራ ነው።

በዚያው አንቀጽ የተቀመጠው ትክክለኛ መቆጣጠሪያ መርማሪ ቦርዱ ነው። ሰባት አባላት አሉት፤ ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያጸድቅ ያቋቁመዋል። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ግዴታው ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ «ፕሬዚዳንቱ ለምን አልጣለም?» ሳይሆን «ዝርዝሩ በ30ኛው ቀን የት ወጣ?» ነው። ይህ ቀንና ስም ያለው ጥያቄ ስለሆነ መልስ የሚሰጠውም አካል ይታወቃል።

ስድስተኛውን በፍጥነት እንለፈው። የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚነካ ማሻሻያ በአንድ ስብሰባ አያልቅም። በአንቀጽ 104 ሐሳቡ መጀመሪያ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የአንዱን ሁለት ሦስተኛ፣ ወይም የክልል ምክር ቤቶችን አንድ ሦስተኛ ድጋፍ አግኝቶ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ከዚያ በአንቀጽ 105 ንዑስ ቁጥር 2 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎችም ሁለት ሦስተኛው ምክር ቤቶች በየራሳቸው አብላጫ ድምጽ መስማማት አለባቸው። ዛሬ ባሉት 12 ክልሎች ስምንት ምክር ቤት ማለት ነው።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ሊነሣ ይገባው የነበረ አንድ ጉዳይ እንጨምር። የፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚያርፈው በአዋጅ ላይ ነው። ደንብ የሚፈርመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ባለሥልጣኑ ነው። ቡሬ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ ዳንግላ ላይ ፈቃድ ያሳደሰ ባለሙያ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ሲጋጭ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀስበት መመሪያ እንጂ አዋጅ አይደለም። ጥብቅ ቬቶ ቢኖር መንግሥት ዋናውን ነገር ከአዋጁ አውጥቶ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» በምትል አንዲት መስመር ሥር ያሳድረዋል፤ ዛሬም ያለ ቬቶ ይህን ያደርጋል። መድኃኒቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። የፌዴራል ተቋም ረቂቅ መመሪያውን ለአስተያየት ይፋ እንዲያደርግ፣ መመሪያውንም እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘ ሰው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲያስከልሰው ይፈቅዳል። የክልል ቢሮ መመሪያ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

አዋጁ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል የሚል ሰውም ፕሬዚዳንቱን መጠበቅ የለበትም። ፍኖተ ሰላም ላይ በያዘው ክርክር ውስጥ ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ ያነሣል፤ «አዋጁ ይጎዳኛል» ሳይሆን የትኛው የአዋጁ አንቀጽ ከየትኛው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭ ለይቶ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ከመዘነው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይልከዋል፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመራው ጉባኤ ነው። ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። አያስፈልገውም ካለ ባለጉዳዩ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ይላል።

አየርላንድ ይህንን መንገድ ከፊርማ በፊት አድርጋዋለች። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመራል፤ ፍርድ ቤቱ በ60 ቀን ይወስናል፤ የገንዘብ ሕግ አይመራም። ጥሩ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፍርድ ቤቱ «አይጥስም» ያለው ሕግ ከዚያ ወዲያ በማንም፣ በምንም ክርክር ሊነሣበት አይችልም፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ቢገለጥ እንኳ። ፖለቲካውም አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሬዚዳንት ኦ ዳሊ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሕጉን ወደ ፍርድ ቤት ስለመሩ የመከላከያ ሚኒስትሩ በወታደሮች ፊት ሰደቧቸው፤ ምክር ቤቱ ሚኒስትሩን ሲደግፍ የሹመቱን ክብር ለመጠበቅ ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕጉን ፍርድ ቤቱ ቀድሞ አጽድቆት ነበር፤ እሳቸውም ፈርመውበታል።

የቀረው ረቂቁ ነው። ጸሐፊው ያቀረቡት፣ ፕሬዚዳንቱ ያልተስማማበትን ሕግ ይጥላል፣ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ካላነሣው ቀሪ ይሆናል የሚል ነው። ምክንያት መጻፍ አይጠይቅም። አንዱን ሕግ ስንት ጊዜ መጣል እንደሚቻል አይናገርም። በጀትን አልለየም፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኔ 28 የጸደቀ በጀት ሐምሌ 10 ቢጣል የሚያነሣው መደበኛ ስብሰባ የለም፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን መስከረምን አይጠብቅም። ያው ክፍተት ለሌሎች ሕጎችም ይሠራል፤ ሰኔ ላይ የጸደቀ ሁሉ በእረፍቱ ሦስት ወር ውስጥ ሊታነቅ ይችላል።

ጸሐፊው ከተስማሙ እንዲህ ብናርመው ይሻላል፦ «ፕሬዚዳንቱ ሕጉ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ወይም ምክንያቱን በጽሑፍ ይፋ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ ለምክር ቤቱ ይመልሳል። ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ከሆነ የተመለሰው ሕግ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሆናል። ምክር ቤቱ ከአባላቱ ጠቅላላ ቁጥር ከግማሽ በላይ በሆነ ድምጽ ካጸደቀው ፕሬዚዳንቱ በ5 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ሳይፈርምም ሳይመልስም ጊዜው ካለፈ አፈ ጉባኤው ሕጉን በ10 ቀን ውስጥ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲታተም ያደርጋል። የዓመቱ በጀት አዋጅ አይመለስም።» የአፈ ጉባኤውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥሎ መውሰድም ይቻላል፤ እሱ ለብቻው በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ወይም የነጋሪት ጋዜጣ አዋጁን በማሻሻል ሊገባ የሚችል ነው፤ ስምንት ክልሎችን አይጠብቅም።